ጁፒተርና ሳተርን ውስጣቸው ምን አለ?

ዲሴምበር 7 ቀን 1995 አንዲት ትንሽ መሣሪያ ጁፒተር ውስጥ ገባች። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዘመኖች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከናሳዋ ጋሊሊዮ መንኮራኩር ተነጥላ አምስት ወር ያህል ብቻዋን ስትጓዝ ቆይታ ነበር። ስትገባ ፍጥነቷ በሰከንድ 47 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአየሩ ጋር ስትፋተግ የሙቀት መከላከያዋ ነደደ፤ ግማሽ ያህሉ ተቃጥሎ አለቀ። ከዚያ ፓራሹቷ ተዘረጋ። የተረፈውን መከላከያ ጥላ ቀስ እያለች መውረድ ጀመረች።

እየወረደች ሙቀቱን ለካች፣ ግፊቱን ለካች፣ የነፋሱን ፍጥነትና የአየሩን ይዘት መዘገበች። የለካችውን ሁሉ ላይ ላለችው መንኮራኩር ትልክ ነበር። ለ58 ደቂቃ ያህል እንዲህ ሠራች። በመጨረሻ ግፊቱ ምድር ላይ ባሕር ጠረፍ ካለው ከ22 እጥፍ በላይ ሆነ። ሙቀቱ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አለፈ። መልእክቷ ተቋረጠ።

ግዙፍ ጋዛማ ፕላኔት ውስጥ ገብቶ ከዚህ በታች ሆኖ መረጃ የላከ መሣሪያ እስካሁን የለም። የወረደችው ግን 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከጁፒተር ደመና እስከ መሃሉ 70,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከመንገዱ ከአራት መቶ እጅ አንዱን እንኳ አልሄደችም ማለት ነው።

ታዲያ ሳይንቲስቶች የጁፒተር እምብርት እንዲህ ነው፣ የሳተርን ሆድ እንዲያ ነው የሚሉት ምን አይተው ነው? ያዩት ነገር የለም። ግን እንዲሁ በግምትም አይደለም። በውጭ በኩል የሚታዩ ጥቃቅን ምልክቶችን አንድ በአንድ ለቅመው ነው። ምልክቶቹ ደግሞ ባለፉት አሥር ዓመታት ትልቅ ነገር ነግረውናል፦ ትምህርት ቤት መጽሐፍ ላይ የምናውቀው ሥዕል፣ ያ በቀለም የተከፋፈለውና መሃሉ ላይ ክብ ድንጋይ የተቀመጠበት፣ ትክክል አይደለም። ውስጣቸው እንደዚያ በመስመር የተከፈለ አይደለም።

መጀመሪያ ሚዛን

ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከክብደት ነው። ፕላኔትን ሚዛን ላይ ማውጣት አይቻልም፤ ጨረቃው ግን ትመሰክርበታለች። አዮ የምትባለው የጁፒተር ጨረቃ ከፕላኔቱ መሃል 422,000 ኪሎ ሜትር ርቃ ትዞራለች። የኛ ጨረቃ ከምድር ያላት ርቀት 384,000 ነው፤ ብዙም አይራራቁም። የኛዋ አንድ ዙር ለመጨረስ 27 ቀን ይፈጅባታል። አዮ በ42 ሰዓት ተኩል ትጨርሳለች። እንዲህ የሚያስሮጣት የጁፒተር ስበት ነው። በኒውተን ሕግ ስናሰላው የጁፒተር ቁስ የምድርን 318 እጥፍ ይሆናል።

በስፋት ግን ጁፒተር ከ1,300 በላይ ምድሮችን ይውጣል። ስለዚህ ለስፋቱ ቀላል ነው። ከምድር አንድ ሊትር ቆርሰን ብንመዝን በአማካይ 5.5 ኪሎ ይሆናል። ከጁፒተር አንድ ሊትር 1.3 ኪሎ ብቻ ነው። የሳተርን ደግሞ 0.7 ኪሎ፤ ከውሃ ይቀላል።

እዚህ ጋ ቆም እንበል። እንዲህ ባለ ትልቅ ፕላኔት ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ከላይ በተጫነው ክብደት ይጨፈለቃል። ድንጋይ ቢሆን ይታመቃል፣ ውሃም ቢሆን ይታመቃል። ተጨፍልቆም እንኳ ይህን ያህል ቀላል ሆኖ ሊቀር የሚችለው ሃይድሮጅን ነው፤ ከጎኑም ሂሊየም። ፀሐይም በአብዛኛው የተሠራችው ከነዚሁ ከሁለቱ ነው። አያስገርምም፤ ፀሐይና ፕላኔቶቿ የወጡት ከአንድ የጋዝና የአቧራ ደመና ነው።

እየወረድን ብንሄድ

ጁፒተር ላይ የሚቆምበት መሬት የለም። ስለዚህ ሳይንቲስቶች ግፊቱ ምድር ላይ ባሕር ጠረፍ ካለው ጋር እኩል የሚሆንበትን ከፍታ መነሻ አድርገው ይዘዋል። እዚያ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 110 ዲግሪ ገደማ ነው። በፎቶ የምናያቸው ነጫጭ መስመሮች በዚህ አካባቢ ያሉ የአሞኒያ ደመናዎች ናቸው። ዝቅ ሲባል የውሃ ደመና የሚፈጠርበት ከፍታ ይመጣል። ጋሊሊዮ የጣለቻት መሣሪያ ስትወርድ ነፋሱ እየበረደ ይሄዳል ብለው የጠበቁ ነበሩ። አልበረደም፤ ጭራሽ በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ደረሰ። የነፋሱ ነገር ኋላ ስለሚያስፈልገን ያዙት።

ከዚያ በታች ምን ይመጣል? ብዙ ሰው የሆነ ቦታ ላይ የፈሳሽ ሃይድሮጅን ባሕር እናገኛለን ብሎ ያስባል፤ ማዕበሉም ዳርቻውም በሐሳቡ ይታየዋል። እንዲህ ያለ ባሕር የለም። ሃይድሮጅን ጋዝና ፈሳሽ ሆኖ ሁለት ቦታ የሚለየው ከዜሮ በታች ከ240 ዲግሪ በላይ ሲቀዘቅዝ ነው። የጁፒተር ውስጥ ከዚያ በጣም ይሞቃል። በዚህ ሙቀት ሃይድሮጅን ሲጫኑት ዝም ብሎ እየወፈረ ይሄዳል እንጂ "እስከዚህ ጋዝ፣ ከዚህ በታች ፈሳሽ" የሚባል ድንበር አያወጣም። ብንወርድ ከቀጭን አየር ተነስተን ወፍራም ፈሳሽ ውስጥ እንገባለን፤ መቼ እንደገባን ግን ማንም ሊነግረን አይችልም።

ጥልቀቱ ጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትሮች ሲሆን ግፊቱ ምድር ላይ ካለው አንድ ሚሊዮን እጥፍ ያልፋል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚለወጠው። ሃይድሮጅን በተለመደው ጠባዩ ሁለት ሁለት አተም ሆኖ ተጣምሮ ይኖራል። ኤሌክትሮኖቹ ከየራሳቸው አተም ጋር ታስረዋል፤ ስለዚህ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። እየተጨፈለቀ ሲሄድ አተሞቹ በጣም ይቀራረባሉ። ጥምረቱ ይፈርሳል፤ ኤሌክትሮኖቹ የማን እንደሆኑ አይለይም። ከአንዱ ወደ ሌላው እንደልብ ይሄዳሉ። የመዳብ ሽቦ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ይህን ሃይድሮጅን ብረታዊ ሃይድሮጅን ይሉታል። ጠጣር ግን አይደለም። ሺህ ዲግሪዎች የሚሞቅ፣ የሚፈስ፣ የሚናወጥ ነገር ነው።

ይህን መጀመሪያ በስሌት የተነበዩት ዩጂን ዊግነርና ሂላርድ ሀንቲንግተን ናቸው፣ በ1935። በቂ ነው ያሉት ግፊት በኋላ ከተገኘው በጣም ያነሰ ነበር፤ ሐሳቡ ግን ልክ ነበር። ቤተ ሙከራ ውስጥ ለማየት 61 ዓመት ፈጀ። በ1996 ካሊፎርኒያ ባለው የሎረንስ ሊቨርሞር ቤተ ሙከራ ዊልያም ኔሊስና ባልደረቦቹ ስስ የፈሳሽ ሃይድሮጅን ንጣፍ ላይ በኃይለኛ መድፍ ጥይት ተኮሱ። ግፊቱ ለአንድ አፍታ 1.4 ሚሊዮን እጥፍ ደረሰ። አፍታው ከሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ያነሰ ነው። በዚያች ቅጽበት ሃይድሮጅኑ እንደ ቀለጠ ብረት ኤሌክትሪክ አሳለፈ። እነሱ ለቅጽበት ያገኙት ነገር ጁፒተር ውስጥ ዘላለም ያለ ነው። አብዛኛው የጁፒተር ክብደት ይኸው ብረታዊ ሃይድሮጅን ነው። ሳተርን አነስ ስለሚል ግፊቱ እዚያ ለመድረስ በጣም ጠለቅ ማለት ያስፈልጋል፤ ድርሻውም ያንሳል።

ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ፈሳሽ፣ በዚያ ላይ ከውስጥ በሙቀት የሚናወጥና የሚሽከረከር፣ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል። ምድርም የራሷን የምትፈጥረው ቀልጦ ባለው ብረቷ ነው። በ1955 በርናርድ በርክና ኬኔት ፍራንክሊን የተባሉ አሜሪካውያን ሳያስቡት ከጁፒተር የሚመጣ የሬዲዮ ሁከት ሰሙ። ምንጩ ኃይለኛ መግነጢሳዊ መስክ መሆኑ ቆይቶ ተረጋገጠ። ማንም መንኮራኩር ሳይሄድ ውስጡ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ነገር እንዳለ ከዚሁ ታወቀ።

የሂሊየም ዝናብ

ይህን ክፍል ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ፤ ከሁሉ ይበልጥ ልቤን የሚነካው እሱ ነው።

ጁፒተር ከፀሐይ ከሚቀበለው ሙቀት ሁለት እጥፍ የሚጠጋ ሙቀት ወደ ውጭ ይለቃል። ሳተርንም እንዲሁ። ትርፉ ከየት ይመጣል? የጁፒተርን መመለስ ብዙም አይከብድም። ፕላኔቱ ሲፈጠር ያ ሁሉ ጋዝ ወደ መሃል ወድቆ በጣም ሞቆ ነበር። ከ4.5 ቢሊዮን ዓመት በኋላ እስካሁን እየቀዘቀዘ፣ እየቀዘቀዘም በጥቂቱ እየተኮማተረ ነው። ስሌቱ ከሞላ ጎደል ይገጥማል።

ሳተርን ግን አልገጠመም። ትንሽ ስለሆነ ቶሎ መቀዝቀዝ ነበረበት። ስሌቱ እንደሚለው አሁን ያለውን ያህል ሙቀት መልቀቅ ያለበት ፕላኔት ዕድሜው ከ4.5 ቢሊዮን በጣም ያነሰ ነው። ሳተርን ደግሞ ከወንድሞቹ በኋላ አልተወለደም። ስለዚህ ሌላ የሙቀት ምንጭ አለ።

በ1970ዎቹ ኤድዊን ሳልፒተርና ዴቪድ ስቲቨንሰን መልስ አቀረቡ። ሃይድሮጅን ብረታዊ ሲሆን ሂሊየም አብሮት መኖር ይከብደዋል። ሙቀቱ ከፍ እስካለ ድረስ ተቀላቅለው ይቆያሉ። ትንሽ ሲቀዘቅዝ ሂሊየሙ ይለያል፣ ጠብታ ይሆናል። ጠብታው ከዙሪያው ይከብዳልና ወደ ታች ይወርዳል። ያለማቋረጥ ሂሊየም ይዘንባል ማለት ነው። ጠብታዎቹ ሲወድቁ ከዙሪያቸው ጋር ይፋተጋሉ፤ የወደቁበት ኃይል ሙቀት ይሆናል። ሳተርን ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ ዝናቡ እዚያ ይበረታል። ሳተርን ዕድሜው የማይፈቅድለትን ሙቀት የሚያገኘው ከዚህ ነው።

ቆንጆ ሐሳብ ነው። ግን ማን አይቶት? ማስረጃው የመጣው ጁፒተር ውስጥ ለ58 ደቂቃ ከቆየችው መሣሪያ ነው። ፀሐይና ፕላኔቶቹ የተፈጠሩበት ደመና በክብደት 27 ከመቶ ገደማው ሂሊየም ነበር። መሣሪያዋ የጁፒተር አየር ላይ ያገኘችው ከዚያ ያነሰ ነው፣ 24 ከመቶ ገደማ። ከላይ የጎደለው ወደ ታች ወርዷል ማለት ነው።

ከዚያ የበለጠው ኒዮን ነው። ኒዮን ከማንም ጋር የማይዋሃድ ጋዝ ነው። ስለዚህ ፀሐይ ላይ ባለው መጠን ጁፒተርም ላይ ይገኛል ተብሎ ነበር የሚጠበቀው። የተገኘው ግን የዚያ አንድ አሥረኛ ብቻ ነው። በ2010 በርክሌይ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያሉት ሂዩ ዊልሰንና ቡርክሃርድ ሚሊትዘር ስሌት ሠርተው ምክንያቱን አሳዩ። ኒዮን ብረታዊ ሃይድሮጅን ውስጥ መሟሟት አይወድም፤ የሂሊየም ጠብታ ውስጥ ግን ይሟሟል። ዝናቡ ሲወርድ ኒዮኑን ይዞት ይወርዳል። ላዩ ላይ የጎደለ አንድ ጋዝ፣ ከአሥር ሺህ ኪሎ ሜትር በታች ስለሚዘንብ ዝናብ መሰከረ። እኔ ይህን ባነበብኩ ቁጥር እደነቃለሁ።

በ2021 ደግሞ የተመራማሪዎች ቡድን ሃይድሮጅንና ሂሊየም ቀላቅሎ በአልማዝ መሃል ጨመቀና በኃይለኛ ሌዘር መታው። በጁፒተር ውስጥ በሚጠበቀው ግፊትና ሙቀት ላይ ሁለቱ ሲለያዩ የሚያሳይ ምልክት አገኘ።

ጁኖና ያልተማሰለው ሻይ

አሁን ወደ መሃሉ እንግባ።

ጁፒተር ድቡልቡል አይደለም። ወገቡ ላይ ከመሃሉ 71,492 ኪሎ ሜትር ነው፤ ዋልታው ላይ 66,854። ልዩነቱ ከ4,600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አንድ ዙር በራሱ ላይ የሚሽከረከረው አሥር ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ስለሆነ ወገቡ ተወጥሯል። በትንሽ ቴሌስኮፕ ያየ ሰው እንኳ ጠፍጠፍ ማለቱን ልብ ይላል።

ይህ የወገቡ ውጥረት ስለ ውስጡ ይናገራል። ከባዱ ነገር ሁሉ መሃል ላይ ተሰብስቦ ከሆነ የተወጠረው ወገብ ክብደቱ ትንሽ ነው። ከባዱ ነገር ወደ ውጭ ተበትኖ ከሆነ ወገቡም ይከብዳል። ሁለቱ አጠገባቸው የሚያልፍን መንኮራኩር የሚስቡት በተለያየ መንገድ ነው። ልዩነቱ ግን እጅግ ትንሽ ነው። እሱን ለመለካት የተሠራችው የናሳዋ ጁኖ መንኮራኩር ናት።

ጁኖ ከምድር የተነሳችው በ2011 ነው፤ ጁፒተር የደረሰችው ጁላይ 2016። ረጅም ምህዋር ነበራት። በየ53 ቀኑ አንዴ ከሩቅ መጥታ ከሰሜን ወደ ደቡብ ደመናው አናት ላይ ትወረወር ነበር፤ ጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ ከፍ ብላ። በዚያች ሰዓት ካሊፎርኒያ በረሃ ውስጥ ጎልድስቶን ላይ ያለው ግዙፍ አንቴና የሬዲዮ ሞገድ ይልክላታል። እሷም መልሳ ትልካለች። መንኮራኩሯ ወደኛ ስትቀርብ የሚመለሰው ሞገድ ድግግሞሽ ይጨምራል፤ ስትርቅ ይቀንሳል። ከዚህ ለውጥ ፍጥነቷ በሰከንድ በአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ ያህል እንኳ ቢቀየር ይታወቃል። ይህን የሚለኩት ከመቶ ሚሊዮኖች ኪሎ ሜትር ርቀት ነው። ከታቿ ያለው ነገር ከበድ ሲል ትንሽ ይስባታል፤ ቀለል ሲል ይለቃታል። የጁፒተርን ውስጥ የምናነበው ከዚህ ነው።

በ2018 የመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ውጤቶች ወጡ። የጁፒተር ስበት ሰሜኑና ደቡቡ እኩል አይደለም። ዝም ብሎ የሚሽከረከር ፈሳሽ ቢሆን ሁለቱ ወገን እኩል በሆነ ነበር። እኩልነቱን ሊያፈርስ የሚችለው ነፋስ ብቻ ነው፤ ያውም ብዙ ቁስ የሚያንቀሳቅስ ነፋስ። በእስራኤል የቫይዝማን ተቋም ባልደረባ የሆነው ዮሃይ ካስፒ የመራው ቡድን አስልቶ ሲያየው በፎቶ የምናያቸው መስመሮች ወደ ውስጥ 3,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃሉ። የሚናወጠው ክፍል ብቻውን የሦስት ምድር ክብደት አለው። ለጋሊሊዮ መሣሪያ ነፋሱ ለምን እንዳልበረደላት አሁን ገባን፤ ገና ከላይ ነበረች። ከ3,000 ኪሎ ሜትር በታች ግን ጁፒተር እንደ አንድ አካል አብሮ ይሽከረከራል። እዚያ ሃይድሮጅኑ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ስለሚጀምር መግነጢሳዊ መስኩ ይይዘዋል፤ ንብርብሮቹ በየራሳቸው ፍጥነት እንዲሮጡ አይፈቅድም።

እምብርቱስ? የጁኖ ልኬት መሃሉ ላይ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ጠንካራ ድንጋይ ጋር አልገጥም አለ። የገጠመው ሌላ ሥዕል ነው። ድንጋዩ፣ ብረቱና በረዶው ከሃይድሮጅኑ ጋር ተደባልቀዋል፤ ድብልቁም ወደ ውጭ እስከ ሲሶው ምናልባትም እስከ ግማሹ መንገድ ይደርሳል። ስኳር ጨምረን ያላማሰልነውን ሻይ አስቡት። ታቹ ወፍራም ጣፋጭ ነው። ከፍ ሲል ጣፋጭነቱ ይቀንሳል፣ አናቱ ላይ ከነጭራሹ ላይኖር ይችላል። "ስኳሩ እዚህ ጋ አለቀ፣ ሻዩ ከዚህ ይጀምራል" ማለት ግን አይቻልም። የጁፒተር እምብርት እንደዚያ ነው።

ድንጋይ ይሟሟል ወይ ለሚል ሰው፣ አዎ፣ እዚያ ይሟሟል። የጁፒተር መሃል ሙቀት 20,000 ዲግሪ ገደማ ይሆናል ተብሎ ይገመታል። የፀሐይ ገጽ 5,500 ነው። ግፊቱ ደግሞ በአሥር ሚሊዮኖች እጥፍ ይቆጠራል። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ያለ ብረታዊ ሃይድሮጅን ድንጋይንም ብረትንም እንደሚያሟሟ ስሌቶች ያሳያሉ።

ቀለበቱ የሰማው

የምድርን እምብርት ያገኘነው በመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ሞገዱ በምድር ሆድ አልፎ በሌላ በኩል ሲወጣ መንገዱን ይተርካል። ዴንማርካዊቷ ኢንጌ ሌማን በ1936 ጠጣሩን የውስጥ እምብርት ያገኘችው እንዲህ ነው። ሳተርን ላይ የመንቀጥቀጥ መለኪያ የሚተከልበት መሬት የለም። ቀለበት ግን አለው።

ሳተርን ውስጡ ያለማቋረጥ በዝግታ ይንቀጠቀጣል። ሲንቀጠቀጥ ቁሱ በትንሹ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ስበቱም አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል። ቀለበቱ የተሠራው ከማይቆጠሩ የበረዶ ቁርጥራጮች ነው፤ እያንዳንዱ በየራሱ ጊዜ ይዞራል። ዙሩ ከሳተርን ንዝረት ጋር በሚገጥምበት ቦታ ላይ ያሉት ቁርጥራጮች በየዙሩ ይጎተታሉ፣ ጉተታው ይጠራቀማል፣ ቀለበቱ ላይ ጠመዝማዛ ሞገድ ይነሳል። ማርክ ማርሌይና ካሮሊን ፖርኮ ይህን በ1993 ተንብየውታል።

ካሲኒ መንኮራኩር ሳተርን ዘንድ ከ2004 እስከ 2017 ቆየች። አንድ ኮከብ ከቀለበቱ ጀርባ ሲያልፍ ብርሃኑን ትከታተል ነበር። ቀለበቱ ሲወፍር ብርሃኑ ይደክማል፣ ሲሳሳ ይደምቃል። ማቲው ሄድማንና ፊሊፕ ኒኮልሰን ከዚህ ብልጭ ድርግም ውስጥ ሞገዶቹን ለቅመው አወጡ። ቁጥራቸው ግን ከተጠበቀው በዛ። አንድ ሞገድ ይታያል በተባለበት ቦታ ተጠጋግተው የቆሙ ሁለትና ሦስት ተገኙ።

ይህ ትርፍ ሞገድ ነው ነገሩን የፈታው። ሳተርን ውስጡ በሙሉ እየፈላ የሚገላበጥ ቢሆን እንዲህ አይሆንም ነበር። ጥልቀቱ ላይ የማይገላበጥ፣ ታቹ ከባድ ሆኖ ወደ ላይ እየቀለለ የሚሄድ ትልቅ ክፍል ካለ ግን ሌላ ዓይነት ንዝረት ይፈጠራል፤ ከተለመደው ጋር ይደባለቅና ሞገዱን ይከፋፍለዋል። በ2021 ክሪስቶፈር ማንኮቪችና ጂም ፉለር ካሊፎርኒያ ባለው የካልቴክ ዩኒቨርሲቲ ሆነው አሰሉት። የሳተርን እምብርት ከመሃሉ እስከ 60 ከመቶው መንገድ ይዘልቃል። 55 የምድር ክብደት አለው፤ ከዚያ ውስጥ ድንጋይና በረዶው 17 ነው፣ የቀረው ሃይድሮጅንና ሂሊየም። ከመቶ ስልሳ! ይህን ያህል ሰፊ ነገር ውስጥ ግልጽ ዳርቻ የለም።

ካሲኒ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2017 ሳተርን ውስጥ ገብታ ከመቃጠሏ በፊት ለ22 ዙር በፕላኔቱና በቀለበቱ መሃል ሾልካ አልፋለች። እንደ ጁኖ ስበቱን ለክታለች። የሳተርን ነፋስ 9,000 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ብረታዊው ሃይድሮጅን እዚያ ጠለቅ ብሎ ስለሚጀምር ነፋሱን የሚይዘው ዘግይቶ ነው።

እንዴት እንዲህ ሆኑ?

የተለመደው ትረካ እንዲህ ነበር። መጀመሪያ ድንጋይና በረዶ ተጋጭቶ ተጣብቆ የምድርን አሥር እጥፍ ያህል ዘር ይሠራል። ዘሩ ሲከብድ ስበቱ ዙሪያውን ያለውን ጋዝ ይጎትታል፤ ጋዙ ከላይ ይወድቅበታል። በዚህ ትረካ መሃሉ ላይ ግልጽ ዳርቻ ያለው ድንጋያማ እምብርት መቅረት ነበረበት። አልቀረም።

ሁለት መልሶች በብዛት ይነሳሉ። አንደኛው ግጭት ነው። በ2019 ሻንግፌይ ሊዩና አንድሪያ አይሴላ ከነባልደረቦቻቸው አሥር ምድር የሚያህል ሌላ ጅምር ፕላኔት ጁፒተርን ፊት ለፊት ቢመታው እምብርቱን በታትኖ ከጋዙ ጋር ሊደባልቀው እንደሚችል በኮምፒውተር አሳዩ። ሁለተኛው ቀስ ያለ ነው። ድንጋዩና ጋዙ ተራ ጠብቀው አልመጡም፤ ለረጅም ጊዜ አብረው ነው የገቡት። መጀመሪያ ድንጋዩ በዛ፣ ኋላ ጋዙ በዛ። ስለዚህ ድብልቁ ከጅምሩ ነበር።

የግጭቱ ሐሳብ ደስ ይላል፣ ለማየትም ይመቻል። እኔ ግን ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ምክንያቴ ሳተርን ነው። ሁለቱም ፕላኔቶች እምብርታቸው የተበተነ ሆኖ ከተገኘ፣ ሁለቱም ላይ ትክክለኛ መጠን ያለው አካል በትክክለኛ አቅጣጫ መጥቶ መታ ከማለት፣ ሁለቱም የተወለዱበት መንገድ ይህ ነው ማለት ይቀላል። ክርክሩ ግን አልተዘጋም።

ዩራነስና ኔፕቲዩን ሌላ ዓይነት ናቸው። ሃይድሮጅናቸው ትንሽ ነው፤ አብዛኛው ክብደታቸው ውሃ፣ አሞኒያ፣ ሚቴንና ድንጋይ ነው። ሁለቱን የጎበኘችው ቮየጀር 2 ብቻ ናት፤ በ1986ና በ1989 አልፋቸው ሄደች። ምህዋር ይዞ የለካቸው የለም።

በ1995፣ ያቺ ትንሽ መሣሪያ ጁፒተር ልትገባ ሁለት ወር ሲቀራት፣ ስዊዘርላንዳውያኑ ሚሼል ማዮርና ዲዲየ ኬሎ ፀሐይን በምትመስል ሌላ ኮከብ ዙሪያ የመጀመሪያውን ፕላኔት ማግኘታቸውን አስታወቁ። እሱም ግዙፍ ጋዛማ ፕላኔት ነው፤ ኮከቡን በአራት ቀን ገደማ ይዞራል። ከዚያ ወዲህ በሺዎች የሚቆጠሩ ፕላኔቶች ተገኝተዋል፤ ብዙዎቹ ግዙፍ ጋዛማ ናቸው። አንዳንዶቹ ከጁፒተር አሥር እጥፍ ይከብዳሉ፤ ስፋታቸው ግን ከእሱ ብዙም አይበልጥም። የሚጨመረው ጋዝ የነበረውን ይበልጥ ስለሚጨፈልቀው ፕላኔቱ አያብጥም። ለአብዛኞቹ ያለን መረጃ ቢበዛ ሁለት ቁጥር ነው፦ ክብደትና ስፋት። ከሁለቱ ቁጥሮች ተነስቶ ውስጣቸውን የሚያሰላው ቀመር የተፈተነው ጁፒተርና ሳተርን ላይ ነው። ቀመሩ ውስጥ መሃሉ ላይ ግልጽ ዳርቻ ያለው እምብርት ተብሎ የገባበት ቦታ ሁሉ አሁን እንደገና እየተሰላ ነው።